ወንድ አለቃ፣ ወንድ አለቀ

አፍ የተሠራው ለሁለት ነገር ነው፤ ለመብላትና ለመናገር። ፈጣሪ ሁለቱን ሥራ በአንድ በር ማድረጉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው እንዲያርፍ ነው። የጎረሰ ሰው ነገር አያበላሽም። በድግስ ቤት ጠብ የሚነሣው ሰዉ ከበላ በኋላ እንጂ እየበላ እንዳልሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልብ ብያለሁ። ታዲያ አባቶቻችን ይህን ሁሉ እያወቁ፣ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል እንዳይቀምስ ብለው ለምን እንደደነገጉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በዚህ ዓለም አፉ ሥራ እንዳይፈታ የሚያስፈልገው ሰው ቢኖር እሱ ነበር። እሱን ባዶ አፉን አስቀምጠው፣ የልጅቷን አባት ፊት ለፊት ደቅነው፣ "በል ተጠንቅቀህ ተናገር" ይሉታል።

"ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም" ይባላል። የራሴን መመለጥ በመስታወት አይቼ ካመንኩ ቆይቻለሁ። አፌ ያመለጠኝ ግን ደብረ ወርቅ፣ መሪጌታ ይትባረክ ቤት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጌታነህ የሚባል የሒሳብ መምህር ባልደረባ አለኝ። በቃል ቁጠባ የሚስተካከለው የለም፤ ሰላምታውን እንኳ እንደ ክፍልፋይ አቃልሎ ነው የሚሰጣችሁ። ይህ ሰው ሰናይትን ወደደ። ሰናይት እዚያው እኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ መምህራን ማረፊያ ተቀምጣ ስትስቅ የግቢው ዘበኛ አብሯት የሚስቅ ልጅ ናት። ዝምተኛውና ሳቂታዋ እንዴት እንደተግባቡ አትጠይቁኝ። ተግባቡ። የትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ አወቀ፤ ያልታወቀ የመሰላቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

ሰናይት የደብረ ወርቁ የቅኔ መምህር የመሪጌታ ይትባረክ የመጀመሪያ ልጅ ናት። መሪጌታ ልጃቸውን በስልክ የሚድሩ ሰው አይደሉም፤ ወግ ባለው መንገድ ሽማግሌ መሄድ አለበት። ደግሞ ከዚህ ቀደም ለሌላ ሰው የሄዱ ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። መሪጌታ እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት ችሎት የለም። ሰናይት ደግሞ አባቷ ያልመረቁትን ትዳር እንደማትይዝ ለጌታነህ ቁርጡን ነግራዋለች። ስለዚህ የዚያ ዝምተኛ ሰው የዕድሜ ልክ ዕጣ በሦስት ሽማግሌዎች አፍ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ሦስቱ እነማን ነን? አንደኛው የጌታነህ አጎት አቶ ሽባባው ናቸው፤ አባቱ ስለሞቱ የአባት ቦታ የያዙት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው የንስሐ አባቱ ቄስ ምናለ ናቸው፤ ነገር ማሳመር የሚችሉ ሰው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። "መሪጌታ የተማረ ሰው ይወዳሉ፤ አንድ የተማረ ሰው ይኑርበት" ተብሎ ነው የተመረጥኩት። የተማረ ሰው ከመምረጣቸው በፊት በዚያ ሰሞን ምን እያነበበ እንደነበር ቢጠይቁ ኖሮ ደግ ነበር።

በዚያ ሰሞን የማነበው ስለ ሰው ልጅ የወደፊት ዕጣ ነበር። ሊቃውንቱ እንደሚገምቱት ከብዙ ዘመን በኋላ የሚመጣው ሰው የዛሬውን አይመስልም። ጥሬ መቆርጠም ስለተወ መንጋጋው ያንሳል፤ የመጨረሻዎቹ ጥርሶቹ ላይበቅሉ ይችላሉ፤ ትንሿ የእግር ጣቱም ሥራ ስላጣች ትጠፋ ይሆናል። ይህ ሁሉ ብዙ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ አንዳንዶቹ "ወንድ የሚባለው ፍጥረት ራሱ የሚያልቅበት ጊዜ ይመጣ ይሆናል" ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ ዝም የሚል ወንድ አለ? ካለም ባዮሎጂ አያስተምርም።

ጥቅምት ላይ፣ በአንድ እሁድ፣ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጋቢያችንን አልፎ አጥንታችንን ቢጠይቀንም ቅዳሴ እንደወጣ መሪጌታ ደጅ ደረስን። ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ፣ ዐይናቸው የሚስቅ፣ አፋቸው ግን የማይስቅ ሰው ናቸው። "ተቀመጡ" አሉን። "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አልን። ይህ ወጉ ነው። ቄስ ምናለ ጥያቄውን በሚገባ አቀረቡት፤ እኔ ራሴ የምድራት ልጅ ብትኖረኝ እዚያው እድርለት ነበር። መሪጌታ አንገታቸውን ነቅንቀው አስቀመጡንና "መልካም። አስቀድሞ ግን ዝምድና እንዳይኖር ቤት ቁጠሩልኝ" አሉ።

ሰባት ቤት መቁጠር የአጎትየው ድርሻ ነበር። አቶ ሽባባው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። "ጌታነህ አለሙ፣ አለሙ ቢያድግልኝ፣ ቢያድግልኝ ተሰማ፣ ተሰማ እንግዳ…" እያሉ አምስተኛው ድረስ እንደ ዳዊት አወረዱት። ስድስተኛው ላይ ቆሙ። ግንባራቸውን አሹ። ጣራውን አዩ። ስድስተኛው ቅድመ አያት ጣራው ላይ አልነበሩም። በመጨረሻ "አንድ ዘመድ ልደውል" ብለው ስልካቸውን ይዘው ወጡ። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው ተብለው ወደዚያ ሲያዘግሙ በበሩ በኩል አየናቸው።

ቄስ ምናለ መስቀላቸውን ያገላብጣሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጉድ ጉድ ይላሉ፤ እሺ ከተባልን የሚቀርበው ምግብ መዓዛው ቀድሞ መጥቷል። መሪጌታ ዞር ብለው አዩኝ።

"አንተ የምን መምህር ነህ?"

"የባዮሎጂ።"

"ሰው ከዝንጀሮ መጣ እያላችሁ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ?"

እዚህ ላይ ለራሴ ፍትሕ ላድርግ። መልሴ ብልህ ነበር። "አሁን ሊቃውንቱን የሚያሳስባቸው ከየት መጣን የሚለው አይደለም፤ ወዴት እንሄዳለን የሚለው ነው" አልኳቸው። ከዝንጀሮው አመለጥኩ። ከዝንጀሮ ያመለጠ ሰው ግን ዛፍ ላይ ወጥቶ መቀመጥ ነበረበት እንጂ ወደ ገደል መሮጥ አልነበረበትም።

"ወዴት እንሄዳለን ይላሉ?" አሉ መሪጌታ።

ነገርኳቸው። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ቅንጣት ውስጥ መልካችንና ባሕርያችን የተጻፈባቸው ክሮች እንዳሉ፤ ጾታን የሚለዩት ሁለት እንደሆኑ፤ የሴቷ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው "ኤክስ" እንደሚባሉ፤ ወንዱ ግን አንድ "ኤክስ" እና አንድ "ዋይ" የሚባል እንዳለው፤ ይህም "ዋይ" ከጥንት ጀምሮ እንደ ነደደ ጧፍ እያጠረ መጥቶ አሁን ቁራጭ ሆኖ መቅረቱን።

"ማን ይባላል አልከኝ?"

"ዋይ።"

"ገና ሳይሞት ዋይ ተባለለት?"

ከመጋረጃው ወዲያ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ልቤ ሞቀ። ምሁር ሲስቁለት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ከፍ አልኩ። "አዎ፣ አንዳንዶቹ እንደሚሉት ቁራጩም ሲያልቅ ወንድ የሚባል ነገር ያልቃል። የለም፣ ማጠሩን አቁሟል፣ ከእንግዲህ ያለው ይበቃል የሚሉም አሉ" ብዬ ጨመርኩ።

መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡ። የቅኔ ሰው ሲያስብ ፊቱ ያስታውቃል። "ፊደል ስተን ነበር ማለት ነው" አሉ ረጋ ብለው። "እስከ ዛሬ ወንድ አለቃ ስንል ኖርን። ለካ ወንድ አለቀ ነው የሚባለው።"

ሁላችንም ሳቅን። ቄስ ምናለ እንኳ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። መሪጌታም "ለመሆኑ መቼ ነው የምናልቀው?" አሉ። "ሚሊዮን ዓመታት ይቀራሉ" ስላቸው "እንግዲያ ለጥር ሠርግ እንደርሳለን" አሉ።

ለጥር ሠርግ። ሰማችሁ? የልጅቷ አባት በገዛ አፋቸው ሠርግ አሉ። ቄስ ምናለ ወደ እኔ ዞረው ሳል አሉ። የቄስ ሳል ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከብርድ ይመጣል፣ አንዱ ከጥበብ። ይህኛው "በቃህ፣ እዚህ ላይ አቁም" የሚል ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እኔ ግን የተጠየቅኩትን ጨርሼ ያልተጠየቅኩትን ጀመርኩ።

"የሚገርመው ነገር መሪጌታ" አልኩ፣ "ዋይ ያለው ወንዱ ብቻ ስለሆነ ልጁ ወንድ ይሁን ሴት የሚለየው ከአባት በሚመጣው ነው። እናት ሁልጊዜ የምትሰጠው አንድ ዓይነት ነው፤ በዚህ ነገር እጇ የለበትም።"

ጉድ ጉዱ ቆመ። ከመጋረጃው ወዲያ ዕቃ መንካት እንኳ የተወ ሰው ያለ ይመስል ነበር። መሪጌታ ዐይናቸውን ወደ መሬት አወረዱ። እኔም ያን ጊዜ ነው መሪጌታ አምስት ልጆች እንዳሏቸው፣ አምስቱም ሴቶች መሆናቸው ትዝ ያለኝ። አላውቅም ነበር አልልም፤ ሰናይት ስለ አራት እህቶቿ ሁልጊዜ ታወራለች። ማወቅና ማሰብ ግን ለየብቻ የሚሄዱ መንገደኞች ናቸው።

መጋረጃው ተከፈተና የቤቱ እመቤት ወይዘሮ የሻረግ ወጡ። የሰናይት እናት ናቸው። ሽንኩርት ሲልጡ ኖሮ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እየጠረጉ መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

"መምህር" አሉኝ፣ "እስኪ ያልከውን ድገመው።"

ደገምኩት። ይህን ጊዜ በጣም ቀስ ብዬ፣ ያለ ጌጥ።

"እርግጥ ነው?"

"እርግጥ ነው እናቴ። ልጆቹን ክፍል ውስጥ የማስተምረው ይህንኑ ነው።"

ወደ ባላቸው ዞሩ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይቀለን ነበር። "ስንት ጠበል ወረድኩ፤ ስንት ስለት ተሳልኩ" አሉ። "ሆድሽ ወንድ ጠልቷል ሲሉኝ እውነት መስሎኝ ራሴን ጠላሁ። አምስተኛዋን ስወልድ እናትዎ ስሟ 'ይብቃን' ይሁን አሉ። እኔ ነኝ 'ሙሉ' ያልኳት።"

"የሻረግ" አሉ መሪጌታ፣ "እኔ አንድ ቀን ምን ብያለሁ? ዘመዶቼ ሌላ አግባ ሲሉኝ አሻፈረኝ አላልኩም?"

"ብለዋል። እግዜር ይስጥልኝ። አንቺ ነሽ ብለውኝም አያውቁም። ሌሎቹ ሲሉኝ ግን እርስዎ ዝም አሉ።"

በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም የሚያስሩት ሰው ለአንዱ እንኳ ቃል አጡ። እኔ የተቀመጥኩበት መደብ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ጸጥታ መካከል ነው አቶ ሽባባው ከጉብታው ወርደው፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ፣ ጣታቸውን ቀስረው በበሩ የገቡት።

"ወንድይፍራው" አሉ።

ማንም አልመለሰላቸውም። ለካ የጠፋው ስድስተኛው ቅድመ አያት ስም ነው። አቶ ሽባባው ያልሰማናቸው መስሏቸው አንድ በአንድ እያዩን ደገሙት። "ወንድይፍራው ነው።" መሪጌታ ቀና ብለው "ይፍራው፤ ይገባዋል" አሉና ተነሡ። "ዛሬ በቤቴ ውስጥ ሌላ ጉዳይ ገብቷል። ሂዱ፤ እልክባችኋለሁ" አሉን።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ የሆነውን ባላነሣው ይሻለኛል፤ አቶ ሽባባው ግን አንሥተውታል። "ዝንጀሮውን ብታወራ ይሻል ነበር" አሉኝ። "ዝንጀሮ ቢያንስ የሰው ትዳር አይነካም።" ሌላው ተሳፋሪ ነገሩን ለማወቅ አንገቱን ሲያስረዝም ድምፃቸውን ቀንሰው ቀጠሉ። ቄስ ምናለ አልተቆጡኝም። "እውነት ተናግሯል፤ የተናገረው ያለ ቀኑ ነው" አሉ። ይህ ከቁጣው ይበልጥ ያማል።

ጌታነህ መናኸሪያ ቆሞ እየጠበቀን ነበር። ሁሉን ነገርኩት። ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ቢሰድበኝ ብዬ ተመኘሁ። እሱ ግን "እሺ" ብሎ ሄደ። የዚህ ሰው "እሺ" እንዲህ እንደሚከብድ በዚያ ቀን ነው ያወቅኩት።

በማግስቱ ሰናይት በመምህራን ማረፊያው በር ስትገባ ወደ ሌላው በር መሄድ ጀምሬ ነበር። ጠራችኝ። ዐይኗ አልቅሷል፤ ፊቷ ግን የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም። "እናቴ ደውላ ነበር" አለችኝ። "እናቴ በቤታችን ከሰው ሁሉ ቀድማ የምትነሣ ሰው ናት። ዛሬ ፀሐይ ወጥቶም ተኝታ አገኟት። እህቶቼ ታመመች ብለው ደንግጠው ሲቀሰቅሷት ምን አለቻቸው መሰለህ? 'ምንም አልሆንኩ፤ ሸክም አውርጄ ነው' አለቻቸው።"

"አባትሽስ?"

"አባዬ ቅኔ እየዘረፈ መሐል ላይ ያቆማል አሉ። ተማሪዎቹ ይጠብቁታል፤ እሱ ሜዳውን ያያል።"

ሰናይት ስለ ራሷ ጉዳይ አላነሣችም፤ እኔም መጠየቅ አልደፈርኩም። አንድ ሳምንት አለፈ። ጌታነህ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሳያጠፋ ከክፍል መውጣት ጀመረ። እኔ ደግሞ ስለ ዘር ውርስ የማስተምርበት ምዕራፍ ደርሶ "ዋይ" ለማለት አፌ ተሳሰረ። ከዚያ አንድ ቀን ለአቶ ሽባባው ስልክ ተደወለ። መልእክቱ አጭር ነው፤ እሁድ ኑ፣ ያ መምህርም እንዳይቀር።

"እንዳይቀር" የሚለውን ቃል በስንት ዓይነት እንደተረጎምኩት አልነግራችሁም። ስንሄድ አቶ ሽባባው ሰባቱን ቤት እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ በከንፈራቸው ሲደግሙ እኔ የይቅርታ ንግግሬን እደግም ነበር።

ቤቱ ስንገባ ከመሪጌታ አጠገብ ቢጫ ቆባቸውን ያደረጉ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ተቀምጠዋል። የመሪጌታ እናት ናቸው። መሪጌታ ራሳቸው ይጁቤ ድረስ ሄደው ከደብር አጠገብ ከሚኖሩበት ቤት አምጥተዋቸዋል። ወይዘሮ የሻረግ በመጋረጃው በኩል ሳይሆን ከእኛ ጋር መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ይህን ሳይ የቤቱ ሥርዓት እንደተለወጠ ገባኝ።

"መምህር" አሉ መሪጌታ፣ "እናቴ ፊት ድገምልኝ። እኔ ብነግራት ለሚስቱ አድልቶ ነው ትለኛለች። ዝም ያልኩት ብዙ ዘመን ነው፤ ዝምታን ደግሞ ዝም ብለህ አትክሰውም።"

አሮጊት መነኩሲት ፊት "ክሮሞዞም" አይባልም። አንድ እፍኝ ባቄላና አንድ እፍኝ አተር በሰፌድ አስመጣሁ። "እማሆይ" አልኳቸው፣ "ሴት በእጇ ያለው ባቄላ ብቻ ነው። ለልጇ የምትሰጠው ሁልጊዜ ባቄላ ነው። ወንድ ግን ባቄላም አተርም አለው። ባቄላ ከሰጠ ሴት ትወለዳለች፤ አተር ከሰጠ ወንድ ይወለዳል።" ባቄላውንና አተሩን በሰፌዱ ላይ አጣመርኩላቸው።

እማሆይ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በቀጭን ጣታቸው አንዷን አተር ገፋ አደረጉ። "ይቺን የሚሰጠው አባት ነው?"

"አዎ እማሆይ።"

"ወድዶ ነው? መርጦ?"

"ሳያውቅ ነው። ምርጫው የእሱ አይደለም።"

"እንግዲያ እሱም አይወቀስ" አሉና ቀና አሉ። ወዲያው ግን ዐይናቸው እንባ ሞላ። እኛ ለምራታቸው ያዘኑ መስሎን ነበር። "ይትባረክን ከማግኘቴ በፊት አራት ሴቶች ወልጃለሁ" አሉ። "አማቴ እስክትሞት ድረስ በስሜ አልጠራችኝም፤ 'ቤት ዘጊ' ነበር የምትለኝ። ይትባረክ ሲወለድ እንኳ 'ዘገየሽ' አለችኝ። ዛሬ በሕይወት ኖራ ይህን ሰፌድ ባየች።"

መሪጌታ እናታቸውን እንደ አዲስ ሰው አዩአቸው። ይህን ታሪክ ሰምተውት አያውቁም።

"ታዲያ እማሆይ" አሉ ወይዘሮ የሻረግ በቀስታ፣ "እንደዚያ የሚያም መሆኑን እያወቁ?"

"የተቀበልኩትን ነው ያስተላለፍኩት ልጄ" አሉ እማሆይ። "ሌላ የማስተላልፈው አልነበረኝም።" መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና የምራታቸውን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ወይዘሮ የሻረግ ዘለው ያዟቸው፤ ተቃቅፈው ቆሙ። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ ግን እንዲያ ያለ ለቅሶ በቀብር ላይ አይታይም። ብዙ መንገድ ተጉዞ ጭነቱን ያራገፈ ሰው ነው እንዲያ የሚተነፍሰው። አቶ ሽባባው ስድስተኛውን ቅድመ አያት እንደገና እንዳይረሱ ይመስለኛል ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

መሪጌታ ጥቂት ቆይተው ወደ ሚስታቸው ሄዱና በእኛ ፊት፣ በእናታቸው ፊት "ይቅር በይኝ" አሉ። ቅኔ አልጨመሩበትም። ወይዘሮ የሻረግ "ይቅር ብያለሁ" አሉ፤ ከዚያም እንባቸውን ጠርገው ወደ እኛ ዞሩ። "እነዚህን ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ በባዶ ሆዳቸው ልንሸኛቸው ነው?" አሉ።

"ልጅቷን ስጡን ብለው መጥተው የለ?" አሉ መሪጌታ። "ምን ትያለሽ?"

ቄስ ምናለ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ባል በሽማግሌ ፊት ሚስቱን እንዲህ ሲጠይቅ በሽምግልና ዘመናቸው ሁሉ አላዩም። ወይዘሮ የሻረግ "ልጁ ዝምተኛ ነው አሉ" አሉና ባላቸውን በጎን አዩ። "ሰናይትን ሰው ሲነካት ግን የሚናገር ከሆነ እሺ።"

"ይናገራል" አልን ሦስታችንም በአንድ አፍ። አቶ ሽባባው ዕድሉ እንዳያመልጣቸው ሰባቱንም ቤት በአንድ ትንፋሽ ጨረሱ። ዝምድና አልተገኘም። በላን፤ ያን ቀን እንደበላሁ በልቼ አላውቅም። የጎረስኩት ለረሃብ ብቻ አልነበረም፤ አፌን ለመጠበቅም ጭምር ነው። ከጓሮው ጉብታ ላይ ወጥቼ ለጌታነህ ደወልኩለት። በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገልኝ፤ አምስት ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ አብዛኛውን ነፋሱ ወሰደብኝ።

ጥር ላይ ተጋቡ። ወይዘሮ የሻረግ በሠርጉ ላይ እስክስታ ሲወርዱ ትከሻቸው የሃያ ዓመት ልጅ ትከሻ ነበር። መሪጌታ ከዳር ሆነው ሲያጨበጭቡ የነበረውን ፊታቸውን ያየ፣ የወንድ ዘር ያልቃል ቢሉት እንኳ በደስታ ነው የሚያልቀው ይል ነበር። እኔም ከዚያ ወዲያ አረፍኩ። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ።

ወሬ ግን ሚኒባስ ተሳፍሮ ይሄዳል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ አንድ ገበሬ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እየጠበቀኝ አገኘሁት። ከሉማሜ ነው የመጣው። ስሜን አረጋግጦ ወደ አንድ ሻይ ቤት ወሰደኝና ሻይ አዘዘልኝ።

"ሴት መውለድ የወንዱ ነው ያልከው መምህር አንተ ነህ?"

ነኝ አልኩት። ስድስት ሴት ልጆች አሉት። ሚስቱ ገበያ ላይ ከደብረ ወርቅ ሴቶች ነገሩን ሰምታለች። "ሴቶቹን እወዳቸዋለሁ" አለኝ፤ ይህን ሲል ፊቱ ያስታውቅ ነበር። "የከፋኝ በእነሱ አይደለም። ሚስቴን ለስንት ዘመን ስነካካት ኖሬ አሁን ተራው የእሷ ሆነ። መሪጌታ ሊቅ ናቸው፣ ይችሉታል። እኔ ምን ልሁን? ሳይንሱ ግማሽ ግማሽ ማድረግ አይችልም?"

አይችልም አልኩት። ደግሞ አዘንኩለትና ላጽናናው ብዬ "ቢሆንም አንተ መርጠህ ያደረግከው አይደለም፤ አንተም ከአባትህ ነው ይህን ዋይ የሚባል ነገር የወረስከው፤ እሳቸውም ከአባታቸው" አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ግንባሩ ላይ የነበረው መስመር አንድ በአንድ ሲፈታ አየሁት።

"ከአባቴ ነው የመጣው?"

ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ፣ ወርሶታል ማለት ጥፋቱ የአባቱ ነው ማለት እንዳልሆነ ላስረዳው አፌን ስከፍት እሱ የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ፣ ቆሞ፣ ጋቢውን እያጣፋ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ መምህር" አለኝ እጄን በሁለት እጁ ይዞ። "አባቴ ሞተዋል፤ እሳቸው አይከራከሩም።"